የትራክ ፓርኪንግ የሚፈለገው ጠዋት ነው

ሲዲኤል (የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጥታችሁ ገና ሥራ የጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ስለ ማይል ክፍያ ነው፣ ወይ ደግሞ ትራክ መግዛት ያዋጣል ወይ ነው። ስለ ሰዓትና ስለ ፓርኪንግ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ ሥራ እንቅልፍ ያሳጣኝና አንዴ ትቼው ልሂድ ያሰኘኝ ሎዱም (ጭነቱም) ብሮከሩም (የጭነት ደላላውም) በረዶውም አይደለም፣ ዛሬ ማታ የት ነው የማድረው የሚለው ነገር ነው። ስለዚህ እኔ ያየሁትን ሳታዩ እንድታልፉት ብዬ ነው የምጽፈው። ሰዓቱን የምጠቅሰው ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ሕጉን ታውቁታላችሁ፣ ግን አንዴ ላስታውስ። 10 ሰዓት ተከታታይ እረፍት ካደረጋችሁ በኋላ 11 ሰዓት መንዳት ትችላላችሁ፣ ያ 11 ሰዓት ደግሞ ሥራ ከጀመራችሁባት ደቂቃ አንስቶ በ14 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። 8 ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ የ30 ደቂቃ እረፍት አለ፣ በ8 ቀን ደግሞ የሥራ ገደቡ 70 ሰዓት ነው፣ እሱን ከዜሮ ለመጀመር 34 ሰዓት መቆም። 11ዱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሰውን የሚበላው 14ቱ ነው። ፕሪ ትሪፕ (ከመነሳት በፊት ያለውን የትራክ ፍተሻ) ልታደርጉ ኦን ዲዩቲ (ሥራ ላይ ነኝ) ካላችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ይቆጥራል፣ ምሳ በላችሁ፣ ትራፊክ ያዛችሁ፣ ዶክ (የመጋዘኑ መጫኛና ማራገፊያ በር) ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጣችሁ፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ድሮ በወረቀት ሎግ (የሥራ ሰዓት መዝገብ) ጊዜ ሰው እንደሚሆነው ያደርገው ነበር ይባላል፣ ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ግን ኢኤልዲ (ሰዓቱን በራሱ የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ግዴታ ስለሆነ ጎማው ሲዞር ማሽኑ ይጽፋል።

እኔ ስጀምር ሜሪላንድ ሆኜ ድራይ ቫን (የተዘጋ ሳጥን ተሳቢ) ይዤ በኢንተርስቴት 95 አውራ ጎዳና ወደ ኒው ጀርሲና ኮኔቲከት ነበር የምመላለሰው። ያ መስመር ለአዲስ ሾፌር ከባድ ነው፣ መጋዘኑ ብዙ ነው፣ መቆሚያው ደግሞ ጥቂት። አንድ የክረምት ቀን ጠዋት 4 ተኩል ላይ ጀመርኩ፣ ቀጠሮዬ ኒው ጀርሲ ውስጥ ቀን 1 ሰዓት ነበር፣ ቀደም ብዬ ደረስኩ፣ ዶክ ሰጡኝ፣ ወደ ኋላ አስገባሁና ቁጭ። የዶኩ መብራት ቀይ ነው፣ አረንጓዴ እስኪሆን ትጠብቃለህ። 2 ሰዓት ሆነ፣ 3 ሰዓት ሆነ፣ ገብቼ ስጠይቅ ሰው የለንም ጠብቅ፣ እንደገና ስጠይቅ ቆጣ አሉኝ። መብራቱ አረንጓዴ የሆነው ምሽት 6 ሰዓት ከ10 ላይ ነው፣ የኔ 14 ደግሞ 6 ተኩል ላይ ያልቃል። ግቢ ውስጥ ልደር ብዬ ጥበቃውን ለመንኩት፣ ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ በመስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ፣ ማደር አይቻልም ይላል። እንግዲህ በ20 ደቂቃ ውስጥ የት እገባለሁ?

ቅርብ ያለው ትራክ ስቶፕ (የትራክ ማደያና ማደሪያ) ሞልቷል። ሞልቷል ስላችሁ መስመሩ ብቻ አይደለም፣ ነዳጅ መቅጃው ፊት፣ የመውጫው ዳር፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ሳይቀር ሰው ቆሟል፣ ዞሬ ለመውጣት ብቻ 10 ደቂቃ ፈጀብኝ ምክንያቱም አንዱ ኮፈኑን አውጥቶ መታጠፊያው ላይ ቆሟል። ሰዓቴ አልቆ የታብሌቱ ስክሪን ቀይ ሆነ። ዲስፓቸሩ (ሥራ የሚመድበኝ የኩባንያው ሰው) ጋ ደወልኩ፣ "ዝም ብለህ ንዳ፣ ሎጉን እኛ እናስተካክለዋለን" አለኝ። አልነዳሁም፣ ሬስት ኤሪያው (የአውራ ጎዳና ዳር ማረፊያ) መግቢያ ራምፕ (ከጎዳናው የሚወስደው መገንጠያ) ላይ ሌሎች ትራኮች ዳሩን ይዘው ቆመው ስላየሁ ከኋላቸው ቆምኩ። ሌሊት 2 ሰዓት አካባቢ በሩ ተንኳኳ፣ የባትሪ መብራት ዓይኔ ላይ፣ ስቴት ትሩፐር። እዚህ መቆም አይቻልም አንሳ አለኝ። ሰዓት የለኝም ስለው የሱ ጉዳይ አይደለም፣ ከዚህ ውጣ። በሰው አገር ሌሊት ፖሊስ ሲያንኳኳብህ ልብ እንዴት እንደሚመታ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ተነስቼ ነዳሁ፣ ሎጉ ላይ ቫዮሌሽን (የሕግ ጥሰት) ተጻፈ፣ ሲነጋ የተበላሸው እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን የቀጣዩ ቀን ሎድም ጭምር ነበር፣ ምክንያቱም 10 ሰዓቱ ከመሃል ተቆረጠ።

በኋላ ላይ የተማርኩት ነገር ያን ሌሊት ባውቀው ኖሮ ግማሹ ጭንቀት አይኖርም ነበር። ፐርሰናል ኮንቬያንስ (ከሥራ ውጭ ሆኖ ትራኩን ለግል ጉዳይ መንዳት፣ ከመንዳት ሰዓት የማይቆጠር) የሚባለውን ብዙዎቻችን ምግብ ልንበላ ወይ ቤት ልንሄድ ብቻ የተፈቀደ ይመስለናል። ትራኮችን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤምሲኤስኤ፣ በ2018 ባወጣው መመሪያ ላይ ግን ሁለቱም የኔ ነገር በግልጽ ተጽፏል። አንደኛ ጭነህ ወይ አራግፈህ ከጨረስክ በኋላ ለማረፍ በአቅራቢያው ወዳለ ደህና ቦታ መሄድ ትችላለህ፣ ጭነት ቢኖርም። ሁለተኛ አርፈህ ሳለ የደህንነት ባለሥልጣን አንሳ ካለህ ያንን እንቅስቃሴ በፐርሰናል ኮንቬያንስ መመዝገብ ይቻላል። ግን ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ያገኘኸው ቦታ ላይ ነው የምትቆመው፣ ባዶ ቦታ እያየህ አልፈህ ወደ ነገው ሎድ የምትጠጋ ከሆነ ያ ፐርሰናል አይደለም፣ ኢንስፔክተሩ ካርታውን ሲያየው ወዲያው ይገባዋል። ሌላው፣ ኩባንያችሁ ከሕጉ ይበልጥ ሊያጠብቀው ወይም ከነጭራሹ ሊከለክለው ይችላል፣ ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ ፖሊሲያቸውን ጠይቁ። ስትጠቀሙበት ደግሞ ሎጉ ላይ ማስታወሻ ጻፉ፦ የት እንዳራገፋችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደለቀቋችሁ፣ ማደር እንደተከለከላችሁ፣ የትኛው ቦታ ሞልቶ እንዳገኛችሁት። አንድ መስመር ማስታወሻ ነገ አፋችሁን ሞልታችሁ እንድትናገሩ ታደርጋለች።

ራምፕ ላይ ግን አትቆሙ። እኔ ያን ሌሊት እግዚአብሔር ነው ያወጣኝ። በጁላይ 2023 ኢሊኖይ ውስጥ ሃይላንድ አጠገብ በ70 ላይ አንድ የመንገደኞች አውቶብስ ሬስት ኤሪያ ራምፕ ላይ የቆሙ ትራኮችን መትቶ 3 ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙ ሰው ቆስሏል። እነዚያ ሾፌሮች ቦታ አጥተው ነው እዚያ የሚቆሙት፣ እንደኔው። የተተወ ማደያ ውስጥ መደበቅም መፍትሔ አይደለም። ጄሰን ሪቨንበርግ የሚባል ሾፌር በማርች 2009 ወተት ጭኖ ሳውዝ ካሮላይና ቀድሞ ደረሰ፣ ሪሲቨሩ (ጭነት ተቀባዩ) ገና አይቀበለውም፣ ስለዚህ አንድ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ገብቶ ቆመ፣ እዚያው ጋቢናው ውስጥ ተገደለ፣ የተወሰደበት 7 ዶላር ነው። ሚስቱ መንታ አርግዛ ነበር። እሷ ታግላ ነው በ2012 የጄሰን ሕግ የሚባለው የወጣው፣ መንግሥት የትራክ ፓርኪንግን እጥረት እንዲያጠናና ለመቆሚያ ግንባታ ገንዘብ እንዲውል የሚያደርግ ሕግ። በዚያው ሕግ መሠረት በ2019 በተደረገው ጥናት አገሩ ሁሉ ውስጥ የነበረው የትራክ መቆሚያ ወደ 313 ሺህ ገደማ ነበር፣ ከተጠየቁት ሾፌሮች ውስጥ 98 ከመቶው ደህና ቦታ ለማግኘት እንቸገራለን ብለዋል። ይሄን የምነግራችሁ ሞልቶ ስታገኙት እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ ነው ብላችሁ ራሳችሁን እንዳትወቅሱ ነው። ቦታው በእውነት የለም። ስለሌለ ደግሞ ቀድሞ የሚደርስ ነው የሚያገኘው።

የኔ ነገር የተለወጠው ፔንሲልቬንያ፣ ካርላይል ላይ ነው። የ81ን መንገድ የምትሠሩ ኤግዚት 52ን ታውቁታላችሁ፣ ትራክ ስቶፕ በትራክ ስቶፕ ነው፣ እንዲያም ሆኖ ማታ ይሞላል። እዚያ አንድ በዕድሜ የገፉ ሀበሻ ሾፌር አገኘሁ፣ ሻወር ተራ ስንጠብቅ በአማርኛ ስልክ ሲያወሩ ሰምቼ ሰላም አልኳቸው። ሲያወሩኝ አንድ ነገር ጠየቁኝ፣ "ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ምንድነው?" አሉኝ። ጂፒኤስ አልኳቸው፣ ሪሲቨሩ ስንት ማይል እንደሆነ። "እኔ መጀመሪያ የማየው ማታ የምተኛበትን ነው፣ ከዚያ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ" አሉኝ። እኚህ ሰው ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ላይ ቆመው ሽሯቸውን ይሠራሉ፣ እኔ ማታ 9 ላይ ልቤ እየመታ ፓርኪንግ እዞራለሁ። ልዩነታችን እሳቸው ሌሊት 3 ሰዓት ይነሳሉ፣ እኔ 7 ላይ።

ስለዚህ ሰዓቴን ቀየርኩት። አሁን ቀጠሮው ከፈቀደ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ነው የምነሳው፣ ከሰዓት 4 ወይ 5 ላይ እቆማለሁ። በዚያ ሰዓት ስትገቡ ቦታ መርጣችሁ ነው የምትቆሙት፣ ምሽት 7 ካለፈ ግን የተረፈውን ነው። መጀመሪያ ላይ ሰውነት እምቢ ይላል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለምዳል። ለኔ ደግሞ ሌላ በረከት አለው፣ 4 ሰዓት ላይ ስነሳ አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ነው፣ ፕሪ ትሪፕ ከመጀመሬ በፊት እናቴን አገኛታለሁ። ቀጠሮው የግድ ማታ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ሌሊቱን ነድቶ ጠዋት መቆም ይሻላል፣ ከ6 እስከ 8 ባለው ሰዓት ያደሩት ስለሚወጡ ቦታ ይለቀቃል። የሚገድላችሁ መሃል ላይ ያለው ነው፣ ቀን 11 ሰዓት ላይ ጀምሮ እኩለ ሌሊት ላይ ቦታ መፈለግ።

ጠዋት አንድ ቦታ አይደለም የምመርጠው። ሦስት እመርጣለሁ፣ የመጀመሪያው ሰዓቴ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው የምደርስበት፣ ሁለተኛው አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሦስተኛው ግማሽ ሰዓት። የመጀመሪያው ላይ ስደርስ ሁለተኛው ጋ ደውዬ ምን ያህል ሞላ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ስልክ የሚያነሳው ካሸሩ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት አይቶ ይነግራችኋል። ትራከር ፓዝ የሚባለው የስልክ አፕ ጥሩ ነው ግን መረጃውን የሚያስገቡት ሾፌሮች ናቸው፣ ቦታ አለ የሚለው ከ4 ሰዓት በፊት የተጻፈ ከሆነ አትመኑት፣ ሰዓቱን እዩ። ኦሃዮ፣ ኢንዲያና፣ ካንሳስ፣ ሚኒሶታ ምናምን በዋናው መንገድ ላይ ሬስት ኤሪያው ስንት ባዶ ቦታ እንዳለው የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለ፣ እሱ ይረዳል። በክረምት ዋዮሚንግን በ80 የምታልፉ ደግሞ ነፋሱና በረዶው መንገዱን ሲያዘጋው ላራሚና ሮሊንስ ባንዴ ነው የሚሞሉት፣ ትንበያውን አይታችሁ ሻያን ላይ መቆም ይሻላል እንጂ ደረስኩ አልደረስኩ አይባልም። የአየር ሁኔታ ሳታውቁት ድንገት ከተበላሸ 2 ሰዓት መጨመር ሕጉ ይፈቅዳል፣ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚኖር የከተማ ትራፊክ ወይም ጠዋት የታወቀ በረዶ በዚህ አይገባም።

ዶክ ላይ ለሚቃጠለው ሰዓት ደግሞ መድኃኒቱ ስፕሊት ስሊፐር ነው (እረፍቱን ለሁለት መክፈል፣ ስሊፐር ማለት ከጋቢናው ኋላ ያለው መኝታ ነው)፣ ይሄን በደንብ አንብቡት ምክንያቱም ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጠዋት 6 ጀምሬ 3 ሰዓት ነድቼ 9 ላይ ዶክ ገባሁ እንበል፣ 4 ሰዓት ጠበቅኩ። ኦን ዲዩቲ ላይ ከተውኩት 14ቴ ማታ 8 ላይ ያልቃል። ሥራ ከሌለብኝና ወደ ኋላ ገብቼ በስሊፐር ካስመዘገብኩት ግን፣ ማታ ደግሞ ቢያንስ 7 ሰዓት ስሊፐር ውስጥ ካረፍኩ፣ ሁለቱ ተደምረው 10 ስለሚሞሉ ያ 4 ሰዓት ከ14ቱ አይቆጠርም፣ ገደቡ እስከ እኩለ ሌሊት ይገፋል። ይሄ 7 እና 3 ወይም 8 እና 2 የሚባለው ነው። ወጥመዱ የት ነው? 7ቱን ተኝታችሁ ስትነሱ ሙሉ 11 አይሰጣችሁም። የሚቆጠረው ከመጀመሪያው እረፍት መጨረሻ ነው፣ በምሳሌው ከቀኑ 1 ሰዓት ጀምሮ። ከ1 በኋላ 7 ሰዓት ነድታችሁ ከሆነ ጠዋት የቀራችሁ 4 ሰዓት መንዳት ብቻ ነው። ጓደኞቼ በዚህ ነው መንገድ ላይ የቀሩት። እኔ ስለዚህ ማታ ሙሉ 10ሩን ነው የማርፈው፣ ከዚያ ውስጥ 7ቱ ስሊፐር እስከሆነ ድረስ የቀኑ 4 ሰዓት ይያዝልኛል፣ ጠዋት ደግሞ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ዕቃ የምትቆጥሩ ወይ የምታራግፉ ከሆነ ግን እሱ ሥራ ነው፣ ስሊፐር ብላችሁ አታስመዝግቡ። የ30 ደቂቃዋንም ለብቻ አታባክኑ፣ ከ2020 ጀምሮ ነዳጅ ስትቀዱ ወይ ዶክ ስትጠብቁ፣ እስካልነዳችሁ ድረስ፣ ትያዛለች።

አሁን ስለዚያ "ሎጉን እናስተካክለዋለን" ስለሚለው ነገር። በኛ ሰው መካከል ይሄ ነገር ተለምዷል፣ አንዳንድ አነስተኛ ኩባንያዎች ሰዓት ጨምረን እንሰጣችኋለን ብለው ነው ሾፌር የሚቀጥሩት። ማሽኑ በራሱ የመዘገበውን የመንዳት ሰዓት ማሳጠር በሕጉ አይቻልም፣ ኩባንያው ሌላ ማስተካከያ ካደረገም እናንተ አይታችሁ የመቀበል ወይ ያለመቀበል መብት አላችሁ። አንድ ቅርብ ጓደኛዬ በዚህ መንገድ ሲነዳ ከርሞ ስኬል (የትራክ መመዘኛና መፈተሻ ጣቢያ) ላይ አስገቡት፣ ኢንስፔክተሩ ሎጉን አልተከራከረውም፣ የነዳጅ ደረሰኝ ስጠኝ ብቻ አለው። ደረሰኙ ላይ ያለው ሰዓትና ሎጉ ላይ ተኝቷል የሚለው ሰዓት ተጋጨ። 10 ሰዓት አውት ኦፍ ሰርቪስ (መንዳት ተከልክሎ) ቆመ፣ ያ ከዚያ ያልፋል፣ ነገር ግን ኢንስፔክሽኑ ፒኤስፒው (ቀጣሪዎች የሚያዩት የሾፌሩ የፍተሻ ታሪክ) ላይ 3 ዓመት ይቆያል፣ ሌላ ጥሩ ኩባንያ ሲያመለክት ሁሉ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ሎጉን ያስተካከለው ሰውዬ ስሙ የትም የለም። ደግሞ ኤፍኤምሲኤስኤ መሣሪያዎችን ከዝርዝሩ እያወጣ ነው፣ የያዛችሁት ኢኤልዲ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ።

ዲስፓቸር ሲገፋችሁ በስልክ አትጨቃጨቁ፣ ጻፉለት። "ሰዓቴ በዚህ ሰዓት ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ብነዳ ሕግ መጣስ ነው፣ ቆሜያለሁ" በቃ፣ ከነአድራሻው። ከ2016 ጀምሮ ሾፌርን ሕግ እንዲጥስ ማስገደድ የተከለከለ ነው፣ ኩባንያ ብቻ ሳይሆን ብሮከርም ሺፐርም (ጭነት ላኪውም) ሪሲቨርም ይጠየቃሉ፣ ነገር ግን ጥሰት መሆኑን የነገርካቸው መሆኑ ነው የሚታየው፣ ለዚህ ነው ጽሑፉ የሚያስፈልገው። አቤቱታው በ90 ቀን ውስጥ ለኤፍኤምሲኤስኤ ነው የሚገባው። አልነዳም በማለታችሁ ከሥራ ካባረሯችሁ ደግሞ ለኦሻ (የሠራተኞች ደህንነት መሥሪያ ቤት) ነው፣ በ180 ቀን ውስጥ። እኔ ያንን ዝም ብለህ ንዳ ያለኝን ኩባንያ ለቅቄ ነው የወጣሁት፣ አሁን ያሉት ዲስፓቸሮች እንዲህ ስጽፍላቸው እሺ ይሉኛል፣ ሰዉ ሁሉ አንድ አይደለም።

ከቆማችሁ በኋላም ጥቂት ነገር አለ። የመስመር ጫፍ ላይ አትቁሙ፣ ማታ ደክሞት የሚዞር ሰው ኮፈናችሁንና መስተዋታችሁን ይዞት ይሄዳል። የተሳቢውን የኋላ በር ከተቻለ ግድግዳ ወይ ሌላ ትራክ ጋ አስጠጉት። ማታ ስተኛ የሁለቱን በር እጀታ በቀበቶ አስሬ ነው የምተኛው፣ በግራ በኩል የመቀመጫውን ቀበቶ በእጀታው አሳልፎ መቆለፍም ይበቃል፣ ከውጭ ቢከፍቱት እንኳ አይሳብም። ሲንኳኳ በር አትክፈቱ፣ መብራት አብርታችሁ በመስኮት አናግሩ። ውድ ዕቃ የጫናችሁ ከሆነ ከሺፐሩ ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያውን 200 ማይል ሳትቆሙ ሂዱ፣ ሌቦች ከመጋዘን ነው ተከትለው የሚመጡት፣ ስለዚህ ነዳጁንም ሽንት ቤቱንም ከመጫናችሁ በፊት ጨርሱ። ትራክ ስቶፕ ውስጥ ምን ጫንክ ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ አትስጡ፣ ሀበሻ ቢሆንም። እህቶቻችን ደግሞ ሻወር ከመሄዳችሁ በፊት ለቤተሰብ ያላችሁበትን ሎኬሽን ላኩ፣ መብራት ያለበት መስመር ለማግኘት ቦታ በገንዘብ መያዝ ካስፈለገም ያዙ፣ ለእሱ አትሰስቱ።

ስለ ገንዘቡ ካነሳሁ፣ አሁን ሎድ ከመያዜ በፊት ብሮከሩን ወይ ዲስፓቸሩን የምጠይቀው ከዋጋው ቀጥሎ ሦስት ነገር ነው፦ ቀድሜ ብደርስ ያስገቡኛል ወይ፣ ጨርሼ ሰዓት ካለቀብኝ ግቢው ውስጥ ማደር ይቻላል ወይ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ካስጠበቁኝ ዲቴንሽን (የመጠበቂያ ክፍያው) ስንት ነው። መልሱን በቃል አልቀበልም፣ ሬት ኮንፈርሜሽኑ (የዋጋ ስምምነቱ ወረቀት) ላይ ይጻፍ እላለሁ። ማደር አይቻልም ካሉኝ የፓርኪንግ ማስያዣውን ሂሳብ ዋጋው ላይ እጨምራለሁ፣ በመያዝ የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ነው የማስይዘው፣ ከሰዓት በኋላ ስትሞክሩት እሱም አልቋል። አንዳንዱ ብሮከር በዚህ ምክንያት ሎዱን ለሌላ ይሰጠዋል። ይስጥ፣ ሌላ ይመጣል። ሦስቱን ጥያቄ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙት፣ እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁም በቴክስት መጠየቅ ይቻላል፣ እንዲያውም እሱ ይሻላል፣ ማስረጃ ሆኖ ይቀራል።